ከሳንባ ንቅለ ተከላ በኋላ ስለ መዋጥ፤ ለሕሙማንና ለአስታማሚዎች የተዘጋጀ መመሪያ

አዲስ ሳንባ የተቀበለ ሕሙም ከረጅሙ ሰመመን ነቅቶ፣ የመተንፈሻው ቱቦ ከጉሮሮው ወጥቶለት አንደበቱ በተፈታ ጊዜ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚለምነው ውሃ ነው፤ በአልጋው አጠገብ የተቀመጠው ዘመድም የከንፈሩን መድረቅና የዓይኑን ልመና እያየ ብርጭቆውን ከማንሣት ራሱን ለመግታት እጅግ ይጨነቃል። ከዚህ ቀጥሎ የሚነበበው ምክር ስለዚያች የመጀመሪያ ፉት፣ ከእርሷም በኋላ ስለሚከተሉት ሳምንታትና ወራት የሚናገር ሲሆን፣ የተዘጋጀው በአሜሪካም ሆነ በካናዳ፣ በእስራኤልም ሆነ በአውሮፓ ይህን ታላቅ ሕክምና ለሚቀበሉ አማርኛ አንባቢዎችና እነርሱን ለሚያስታምሙ ቤተ ሰቦች ነው። ክቡር አንባቢ ሆይ፣ ሌላው ሁሉ ቢረሳ ይህ አንድ ነገር እንዳይረሳ እለምንዎታለሁ፤ በአዲስ ሳንባ የሚኖር ሰው ሳይስል ትን ሊለው ይችላልና፣ ሳል አለመኖሩ ለደኅንነቱ ማስረጃ አይሆንም።

ችግሩ ከየት ይመጣል

መዋጥ ገና በእናታችን ማሕፀን ሳለን የጀመርነው፣ ሳናስብበትም የምንፈጽመው ሥራ ስለ ሆነ ክብደቱ አይታወቀንም እንጂ በውስጡ ያለው ሥርዓት የሚያስደንቅ ነው። ምላስ ጉርሻውን ወደ ኋላ ሲገፋው ማንቁርት ወደ ላይና ወደ ፊት ይነሣል፣ የአየሩ ቧንቧ ክዳን ይደፋል፣ የድምፅ አውታሮች ይጋጠማሉ፣ እስትንፋስም ለቅጽበት ይቋረጣል፤ በዚያችው ቅጽበት ከማንቁርት በስተ ኋላ ያለው የምግብ ቧንቧ በር ተከፍቶ፣ ጉርሻው 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው ቧንቧ ወደ ጨጓራ ይወርዳል። ከእነዚህ አንዱ የዘገየ ወይም የደከመ እንደ ሆነ መብሉ ወይም መጠጡ ወደ አየሩ ቧንቧ ያዘነብላል፤ ጤነኛ ሰው ይህ ሲደርስበት ትን ይለዋል፣ ሳልም ተነሥቶ የገባውን ባዕድ ነገር ይመልስለታል።

ሐኪሞች አሮጌውን ሳንባ አውጥተው አዲሱን ሲተክሉ ግን የአየሩን ቧንቧ ቅርንጫፍና የደሙን ሥሮች ይሰፋሉ እንጂ ነርቮቹን መልሰው አይቀጥሏቸውም፤ ስለዚህ ከስፌቱ በታች ያለው ክፍል ለብዙ ወራት ስሜቱ ተቋርጦ ይኖራል፣ ውሃ ወይም ምራቅ ቢገባበትም ሳልን የሚቀሰቅስ መልእክት ወደ አንጎል አይደርስም። አክታን ወደ ላይ የሚጠርጉት ረቂቃን ጸጉሮችም በተተከለው ሳንባ ውስጥ እንደ ቀድሞው አይተጉም። በዚህ ላይ ሰውነት አዲሱን አካል እንዳይቃወም የሚሰጡት መድኃኒቶች ተሕዋስያንን የመከላከል ኀይልን ስለሚያደክሙ፣ በሌላው ሰው ላይ የአንዲት ደቂቃ ሳል ሆኖ የሚያልፈው ትንታ በዚህ ሕሙም ላይ የሳንባ ምች ሆኖ ሊነሣ ይችላል። ከጨጓራ ወደ ላይ እየተመለሰ ሳንባ ውስጥ ደጋግሞ የሚንጠባጠበው ፈሳሽም፣ አዲሱን ሳንባ ቀስ በቀስ ከሚያጠፋው ሥር የሰደደ መቃወም ጋር ተያያዥነት አለው። መዋጥን ከሳንባው ጥበቃ ለይቶ እንደ ትንሽ ነገር ማየት የማይገባው ስለዚህ ነው።

የመዋጥ ችግር ምክንያቱ ብዙ ነው። በሳንባ ቀዶ ሕክምና ጊዜ ሁለቱን ሳንባዎች ለየብቻ ለማስተንፈስ የሚገባው ባለ ሁለት መስመር ቱቦ ከተራው ቱቦ የወፈረ ነው፤ ሥራው ሲያበቃ በተራው ቱቦ ይለወጥና ሕሙሙ በመሣሪያ ሲተነፍስ ይቆያል፣ ቆይታውም ሁለት ቀንና ከዚያ በላይ ሲሆን የማንቁርት እብጠትና የመዋጥ ድካም ይበዛል። ወደ ድምፅ አውታር የሚሄደው የግራው ነርቭ ደግሞ በአቋራጭ አይሄድም፤ ከአንገት ወደ ደረት ወርዶ፣ ከልብ የሚወጣውን ታላቁን የደም ሥር ዞሮ፣ ወደ ማንቁርት የሚመለስ በመሆኑ በደረት ውስጥ የሚደረግ ሥራ ሊጎዳው ይችላል። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ለወራት በትንፋሽ ማጠር የደከመና ሥጋው ያለቀ ሰው የመዋጫ ጡንቻዎቹም አብረው መክሳታቸው አይቀርም፤ ሳንባውን ያበላሸበት ሕመም ስክሌሮደርማ የተባለው የቆዳና የጅማት በሽታ የሆነ እንደ ሆነማ፣ ያ በሽታ የምግቡን ቧንቧ ራሱን ስለሚያደነዝዝ ችግሩ ከንቅለ ተከላው አስቀድሞ የነበረ ነው።

ሌላው የመዋጥ ችግር ምክንያት በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ልብን ለማየት በጉሮሮ የሚገባው መሣሪያ ስለ ሆነ፣ ስለ እርሱም ጥቂት ማብራራት ይገባል፤ ብዙ ሰው ከሰመመኑ ሲነቃ ጉሮሮው አሞት፣ «የተከፈተው ደረቴ ነው፤ ጉሮሮዬን ምን አገኘው?» ብሎ ይጠይቃልና። በቀዶ ሕክምናው መካከል ሐኪሞች ልብን የሚያዩት በሕክምናው ቋንቋ ትራንስኢሶፋጅያል ኢኮካርዲዮግራፊ፣ ባጭሩ ቲ.ኢ.ኢ. በሚባል መሣሪያ ነው፤ ይህም ጫፉ ላይ የአልትራሳውንድ መሣሪያ ያለበት፣ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ተጣጣፊ ዘንግ ሲሆን በአፍ ገብቶ፣ በምግብ ቧንቧ ወርዶ፣ ከልብ በስተ ጀርባ ይቆማል። የልብ የኋላ ገጽ ከምግብ ቧንቧው ጋር የተጎራበተ በመሆኑ ከደረት ላይ ከሚነሣው ምስል የጠራ ምስል ይገኝበታል። ወደ ሳንባ የሚሄደው የደም ሥር ሲታሰር የልብ ቀኝ ክፍል ጫናውን ይችል እንደ ሆነ፣ ከአዲሱ ሳንባ ወደ ልብ የሚመለሱት ሥሮች በስፌቱ ላይ ጠብበው እንደ ሆነ፣ በልብ ክፍሎች መካከል ቀዳዳ ይኖር እንደ ሆነ የሚታየው በዚህ መሣሪያ ነው፤ ጠባብ ስፌት በጊዜው ታይቶ ካልተስተካከለ አዲሱን ሳንባ ሊያሳጣ ይችላል። እንግዲህ ጥቅሙ እጅግ ታላቅ ነው፣ እኔም ማንም ሕሙም ጉሮሮዬን ያመኛል ብሎ ይህን ምርመራ እንዲቃወም አልመክርም። ነገር ግን ዘንጉ ከመተንፈሻው ቱቦ ጋር በአንድ ጠባብ ስፍራ ለብዙ ሰዓታት ይቆያል፤ ሁለቱ በመካከላቸው ያለውን ለስላሳ ሥጋ ይጫኑታል፣ አንዳንድ ጊዜም ይፍቁታል ወይም ያሳብጡታል። የምግቡ ቧንቧ መቀደድ እጅግ አልፎ አልፎ የሚደርስ፣ ሲደርስ ግን ለሕይወት የሚያሰጋ ጉዳት ነው።

ዶክተር ጄምስ ሃርዲ እ.ኤ.አ. በ1963 በሚሲሲፒ የመጀመሪያውን የሰው ሳንባ ሲተክሉ ሕሙሙ የኖረው 18 ቀን ነበር፤ ለዓመታት የሚያኖር ንቅለ ተከላ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1983 በቶሮንቶ በዶክተር ጆኤል ኩፐርና በባልደረቦቻቸው እጅ ነው። ዛሬ ብዙ ሰዎች ከንቅለ ተከላው በኋላ ረጅም ዕድሜ ስለሚኖሩ፣ እንደ መዋጥ ያለው የዕለት ተዕለት ጉዳይ ተገቢውን ክብደት ማግኘት አለበት።

አንደኛ፤ ከቀዶ ሕክምናው በፊት

የንቅለ ተከላ ተራ ሲጠበቅ ወራት ስለሚያልፉ ዝግጅቱን በዚያ ጊዜ ይጨርሱ፤ ሳንባ ተገኘ ብለው በሌሊት ሲጠሩዎት ለወሬ የሚሆን ጊዜ አይኖርም። በአንድ ወረቀት ላይ እነዚህን ጽፈው ከሰነዶችዎ ጋር ያኑሩ፤ ደረቅ ምግብ ደረትዎ ላይ ተሰክቶብዎ ያውቅ እንደ ሆነ፣ ቃር ያስቸግርዎት እንደ ሆነ፣ የምግብ ቧንቧዎ ጠብቧል ተብለው ወይም በጨጓራዎ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደርጎልዎት እንደ ሆነ፣ በአንገትዎ ወይም በደረትዎ ላይ የጨረር ሕክምና ወስደው እንደ ሆነ፣ የጉበት ሕመም ኖሮብዎት ደም አስመልሶዎት እንደ ሆነ፣ አንገትዎ አልታጠፍ ይል እንደ ሆነ፣ የሚነቃነቅ ወይም ሰው ሠራሽ ጥርስ እንዳለዎት። ይህን ወረቀት ማየት የሚገባው ቀዶ ሐኪሙ ብቻ አይደለም፤ የልብ ምስሉን ዘንግ በአብዛኛው የሚያስገባው የሰመመን ሐኪም ነውና ለእርሱም ይድረስ። ከተጻፉት ውስጥ የሚያሠጋ ነገር ከተገኘ፣ ሐኪሞቹ የምግቡን ቧንቧ አስቀድመው በካሜራ ሊመረምሩት፣ ወይም ምስሉን በሌላ መንገድ ለማንሣት ሊወስኑ ይችላሉ።

አስተርጓሚን በሚመለከት፣ በአሜሪካ የመንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች እንግሊዝኛ በበቂ ለማይችል ሕሙም ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ በሕግ ተጥሎባቸዋል። ስለዚህ ያለ እፍረት ይጠይቁ፤ ልጅዎን አስተርጓሚ አያድርጉ። ሕፃን ወይም ወጣት የወላጁን ሕመም ሲተረጉም የሚያስፈራውን ቃል ማለሳለሱ፣ ያልገባውንም መዝለሉ የታወቀ ነው፤ «ወፍራም ፈሳሽ ብቻ» የተባለው ትእዛዝ «ፈሳሽ ብቻ» ሆኖ ቢተላለፍ የሚከተለውን መከራ ያስቡት።

ሁለተኛ፤ የመተንፈሻው ቱቦ ከወጣ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት

የመዋጥ ምርመራ ተደርጎ ፈቃድ እስኪሰጥ ድረስ በአፍ ምንም ነገር አይግባ፤ ውሃም፣ በረዶም፣ ሻይም፣ ጸበልም ቢሆን። በተለይ ውሃ ከሁሉ ቀላሉ መስሎ ስለሚታየን ብዙዎች በእርሱ ይሳሳታሉ፤ ለደከመ ጉሮሮ ግን ከሁሉ የሚከብደው ቀጭን ፈሳሽ ነው፣ ምክንያቱም የማንቁርት ክዳን ሳይዘጋ ፈጥኖ ያመልጣል። ጥማቱን ለማስታገሥ ነርሷን ጠይቀው በረጠበ ስፖንጅ ከንፈሩንና ምላሱን ያርጥቡለት፤ ጥርሱን፣ ድዱንና ምላሱን በቀን ደጋግመው ያጽዱለት። የአፍ ንጽሕና በዚህ ጊዜ ታላቅ መድኃኒት ነው፤ ሕሙሙ የገዛ ራሱ ምራቅ እንኳ ትን ሊለው ስለሚችል፣ ወደ ሳንባው የሚወርደው ምራቅ ንጹሕ መሆኑ ወይም አለመሆኑ በጤናና በሳንባ ምች መካከል ያለውን ልዩነት ሊያመጣ ይችላል።

በእነዚህ ቀናት ምግብና መድኃኒት በአፍንጫ በሚገባ ቀጭን ቱቦ ቢሰጥ ዘመዶች እንደ መርዶ አይቁጠሩት። ቱቦው ጉሮሮ እስኪያገግም ድረስ ሥጋን የሚያቆም ጊዜያዊ መንገድ ነው፤ የመዋጥ ድካሙ የሚረዝም ሆኖ ሲገኝ በሆድ በኩል ወደ ጨጓራ የሚገባ ቱቦ ይደረጋል፣ እርሱም በጊዜው ሊወጣ የሚችል ነው።

አስታማሚው በዚህ ጊዜ የሚጠብቀው የሕሙሙን ድምፅ ነው። ድምፁ የሻከረና አየር አየር የሚል፣ ሳሉም ጉልበት ያጣ ከሆነ የድምፅ አውታር ነርቭ መታመሙ ይጠረጠራልና ለሐኪሙ ይነገረው፤ አውታሩ በካሜራ ታይቶ ደክሞ ከተገኘ ከጎኑ የሚያፋፋው መድኃኒት በመርፌ ሊሰጠው ይችላል። በሌላ በኩል፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ሰዓታትና ቀናት በአንገት ወይም በደረት ውስጥ ጽኑ ሕመም፣ ትኩሳት፣ ደም ማስመለስ፣ ወይም ከአንገት ቆዳ በታች ሲነኩት የሚንኮሻኮሽ እብጠት ቢታይ ለነገ ሳይሉ ወዲያውኑ ይናገሩ። እንዲህ ያለው እብጠት ከሳንባው ስፌት በሚያመልጥ አየርም ሊመጣ ይችላል፤ ነገር ግን የምግብ ቧንቧ መቀደድም በዚሁ ምልክት ሊገለጥ ስለሚችል የሚለየው ሐኪሙ እንጂ አስታማሚው አይደለም።

ሦስተኛ፤ ምርመራውን መጠየቅና መረዳት

የንግግርና የመዋጥ ሕክምና ባለሙያ የተባለው ሰው በአልጋው አጠገብ መጥቶ ጥቂት እያጠጣና እያጎረሰ ይመለከታል፤ ይህ የመጀመሪያው ደረጃ ነው እንጂ የመጨረሻው አይደለም። ዓይን ማየት የሚችለው የሚያስለውን ትንታ ነው፤ ድምፅ የሌለውን ትንታ በአልጋ አጠገብ ማንም ሊያየው አይችልም። ስለዚህ ለሳንባ ንቅለ ተከላ ሕሙም ከሁለቱ የመሣሪያ ምርመራዎች አንዱ እንዲደረግለት መጠየቅ ይገባል ባይ ነኝ። አንደኛው፣ ባሪየም የተባለ በኤክስሬይ የሚታይ ነጭ ፈሳሽ ከምግብና ከመጠጥ ጋር ተቀላቅሎ ሲዋጥ በተንቀሳቃሽ ኤክስሬይ የሚቀረጽበት ነው፤ ጉርሻው ከአፍ እስከ ምግብ ቧንቧ የሚሄድበትን ጎዳና ሁሉ ያሳያል። ሁለተኛው፣ እ.ኤ.አ. በ1988 በሱዛን ላንግሞርና በባልደረቦቿ ለሕክምናው ዓለም የቀረበው፣ በአፍንጫ በሚገባ ቀጭን ካሜራ ጉሮሮን ከላይ የሚያይ ምርመራ ነው፤ ጨረር የሌለበትና ሕሙሙ ከአልጋው ሳይነሣ የሚፈጸም ሲሆን የድምፅ አውታሮቹንም እንቅስቃሴ ያሳያል።

ውጤቱ ሲነገርዎ «አልፈሃል» ወይም «ወድቀሃል» የሚል ቃል አይበቃዎትም። የቱ ዓይነት ፈሳሽ ወደ አየር ቧንቧ ገባ? በገባ ጊዜ ሳል ተነሣ ወይስ አልተነሣም? አገጭን ዝቅ ማድረግ ወይም ራስን ወደ አንድ ወገን ማዞር ረድቶ ነበር? ምርመራው መቼ ይደገማል? እነዚህን ጠይቀው መልሱን በጽሑፍ ይያዙ።

አራተኛ፤ የመብሉና የመጠጡ ውፍረት

በብዙ አገሮች ሆስፒታሎች ዛሬ የሚሠራበት ኢድሲ የተባለው ዓለም አቀፍ መለኪያ መጠጥንና ምግብን ከ0 እስከ 7 በተቈጠሩ ደረጃዎች ይከፍላል፤ 0 ተራ ውሃ፣ 7 ተራ ምግብ ነው። ከ1 እስከ 3 ያሉት ቀስ በቀስ እየወፈሩ የሚሄዱ መጠጦች ናቸው፤ 4 ሳይታኘክ የሚዋጥ ልስልስ ምግብ፣ 5 እስከ 4 ሚሊ ሜትር የደቀቀና የረጠበ ምግብ፣ 6 ደግሞ ከ1.5 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ ለስላሳ ቁራጭ ነው። የተሰጥዎትን ቁጥር በማድ ቤት ግድግዳ ላይ ይለጥፉት።

የመጠጡን ውፍረት በግምት አይወስኑ። ከ0 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ያለው ምልክቱ 61.5 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ መርፌ የሌለው የ10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ያግኙ፤ ጫፉን በጣት ዘግተው መጠጡን እስከ 10 ይሙሉት፣ ከዚያ ጣትዎን አንሥተው 10 ሰከንድ ይቍጠሩና መልሰው ይዝጉ። የቀረው ከ1 እስከ 4 ሚሊ ሊትር ከሆነ ደረጃው 1፣ ከ4 እስከ 8 ከሆነ 2፣ ከ8 የበለጠ ሆኖ ጥቂት የሚንጠባጠብ ከሆነ 3 ነው፤ ምንም ካልወረደ 4 ነው። ማወፈሪያውን ከሆስፒታሉ ምክር ጋር ይግዙ፤ ከስታርች የተሠራው በምራቅ ሲነካ እየቀጠነ ስለሚሄድ፣ ከዛንታን ሙጫ የተሠራው ብዙውን ጊዜ ይመረጣል። ወፍራም መጠጥ የሚጠላ ነገር ስለ ሆነ ሕሙማን ሳይታወቃቸው የሚጠጡትን ይቀንሳሉ፤ ሰውነት አዲሱን ሳንባ እንዳይቃወም የሚሰጠው ታክሮሊመስ የተባለው መድኃኒት ኩላሊትን የሚያስቸግር በመሆኑ ደግሞ የውሃ እጥረት በእነርሱ ላይ ይብሳልና፣ በቀን ምን ያህል እንደ ጠጡ ጽፈው ይያዙ።

ከእኛ ማዕድ ለዚህ የሚስማማ ብዙ አለ። ድልህና ሚጥሚጣ ሳይበዛበት፣ ሳይጓጉል የተሠራ ሽሮ፣ ውፍረቱ የተለካ አጥሚት፣ ተፈጭቶ የተጣራ የምስርና የድንች ወጥ፣ ከፈላ ወተት የተሠራ እርጎ በደረጃ 4 ሊዘጋጁ ይችላሉ። ለደረጃ 4 ፈተናው ቀላል ነው፤ ማንኪያውን ሲያዘነብሉት ምግቡ ሳይጣበቅ በሙሉው መውደቅ አለበት። ገንፎ በዚህ ፈተና ብዙውን ጊዜ ይወድቃል፤ ወፍራም ቢሆንም ይጣበቃልና፣ ለደከመ ጉሮሮ የሚጣበቅ ነገር ከቀጭን ውሃ ያላነሰ አስቸጋሪ ነው። እንጀራንም እንዲሁ ያለ ባለሙያው ፈቃድ አይጀምሩ፤ ለስላሳ ቢሆንም በአፍ ውስጥ ተድቦልቡሎ ይጣበቃል። «በመረቅ ፈትፍቼ ብሰጠውስ?» የሚል ይኖራል፤ ፍትፍት ግን ቀጭን ፈሳሽንና ጠጣር ምግብን በአንድ ጉርሻ የሚያገናኝ በመሆኑ ጉሮሮን ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ያሠራዋል፣ ስለዚህ ለኋላ ከሚቆዩት ምግቦች መካከል ይቈጠር። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ንፍሮና ቂንጬ ፍሬያቸው የሚበታተን ስለ ሆነ፣ ጥብስና ጎመንም ክር ክር ስለሚሉ ይቆዩ። ጥሬ ሥጋ፣ ለብ ለብ ክትፎና ያልፈላ ወተት ግን ጉሮሮው ቢድንም እንኳ የሰውነት መከላከያው ለደከመ ሰው የሚገቡ አይደሉም።

አምስተኛ፤ የመብላቱ ሥርዓት

ቀጥ ብለው ተቀምጠው ይብሉ፤ በአልጋ ላይ ጋደም ብሎ መብላት አይገባም። ቴሌቪዥኑ ይዘጋ፣ ጨዋታው ይቆይ፣ ትንሽ ማንኪያ ይያዝ። አንዱ ጉርሻ ፈጽሞ ሳይወርድ ሌላው አይግባ፤ ትንፋሽዎ ከፈጠነ አቁመው ይረፉ፣ መዋጥና መተንፈስ ተራ እንዲጠባበቁ ጊዜ ይስጧቸው። በየጥቂቱ «አ» ብለው ድምፅዎን ይስሙ፤ ድምፁ እንደ ረጠበ፣ እንደሚንቆረቆር ያለ ከሆነ አንድ ነገር በማንቁርቱ ላይ ቀርቷልና ጠርገው፣ ደግመው ውጠው ይቀጥሉ፤ ካልጠራ ማዕዱን ያብቁ። አገጭን ወደ ደረት ዝቅ አድርጎ መዋጥ ለብዙዎች ቢረዳም ለአንዳንዱ የሚጎዳ ስለ ሆነ፣ በምርመራው የጠቀመዎት መሆኑ ከታየ ብቻ ያድርጉት። ለጡንቻ ማጠንከሪያ የሚሰጡት ልምምዶችም እንዲሁ ናቸው፤ ጀርባ ላይ ተኝቶ ራስን ማንሣት የታወቀ ልምምድ ነው፣ ነገር ግን የደረት አጥንት ስፌት ሳይጠና ያለ ቀዶ ሐኪም ፈቃድ አይጀመርም።

ስለ ጉርሻ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ መመሪያው ጎደሎ ይሆናል። ጉርሻ የፍቅራችን ምልክት ነው፤ የታመመን ሰው ሳያጎርሱ መሄድም ለጠያቂው ይከብደዋል። ነገር ግን በሌላ ሰው እጅ የሚጎርስ ሕሙም የጉርሻውን መጠንም ጊዜውንም ራሱ ስለማይወስን ለትንታ ይበልጥ የተጋለጠ ነው፤ እምቢ ለማለትም ይሉኝታ ይይዘዋል። ስለዚህ የቤቱ ታላቅ የሆነ ሰው፣ እናት ወይም ታላቅ ወንድም፣ በሕሙሙ ፈንታ ይናገር፤ «ሐኪሙ በገዛ እጁ ብቻ እንዲበላ አዝዟል፤ ፍቅራችሁ ደርሶታል» ቢል ማንም አይቀየምም። እጁ ደክሞ በሰው መጎረስ ግድ የሆነበት ካለ፣ ሥርዓቱን ከባለሙያው የተማረ አንድ ሰው ብቻ ያጉርሰው።

የሃይማኖትን ነገር በሚመለከት ነፍስ አባትዎን ወይም ኢማምዎን አስቀድመው ያማክሩ። ቤተ ክርስቲያንም እስልምናም ሕሙማንን ከጾም ግዴታ ያሳርፋሉና፣ መድኃኒትና ምግብን በጾም ምክንያት ማሳለፍ አያስፈልግም። ቀጭን ፈሳሽ የተከለከለ ሕሙም ጸበል ከመጠጣት ይልቅ መረጨትን፣ ሥጋ ወደሙን ስለ መቀበልም ካህኑ የሚያውቀውን መንገድ ይጠይቅ፤ ካህናት የድውያንን ነገር ከጥንት ጀምሮ ሲያስተናግዱ የኖሩ ናቸው፣ ሕመሙ በግልጥ ከተነገራቸው መንገድ ያበጃሉ።

ስድስተኛ፤ ስለ መድኃኒቶች

ክኒን መዋጥ ሲያቅት ደቁሶ በምግብ መለወስ ለሰው ሁሉ የሚመጣ ሐሳብ ነው፤ ለንቅለ ተከላ መድኃኒቶች ግን ይህ አደገኛ ነው። ቀስ ብሎ እንዲለቀቅ የተሠራው የታክሮሊመስ ዓይነት ቢደቀቅ የቀኑ መጠን በአንድ ጊዜ ወደ ደም ይገባል፤ ማይኮፊኖሌት የተባለው ሌላው የንቅለ ተከላ መድኃኒት ደግሞ ብናኙ በፅንስ ላይ ጉዳት የሚያደርስ ስለ ሆነ በተለይ ነፍሰ ጡር የሆነች አስታማሚ እንዳትነካው። ብዙዎቹ በፈሳሽ መልክ ይገኛሉና የንቅለ ተከላውን የመድኃኒት ባለሙያ ይጠይቁ፤ መልኩ በተለወጠ ጊዜ የደም ምርመራው መደገሙን ያረጋግጡ። ለአጥንት መሳሳት የሚሰጠው አለንድሮኔት የምግብ ቧንቧን ስለሚያቆስል፣ የመዋጥ ችግር እንዳለብዎት ለሐኪሙ ሳይነግሩ አይውሰዱት። ግሬፕ ፍሩት የታክሮሊመስን መጠን በደም ውስጥ ከፍ ስለሚያደርግ አይበላም፣ ጭማቂውም አይጠጣም፤ ለጉሮሮ ሕመም ተብሎ የሚታዘዝ የባሕል መድኃኒትም ሐኪሙ ሳያውቀው አይወሰድ።

ቆይቶ የሚመጣ የመዋጥ ሕመም ሌላ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ሲውጡ የሚያቃጥል፣ ምላስ ላይ ነጭ ነገር የሚታይበት ከሆነ ካንዲዳ የተባለው ፈንገስ፣ ወይም እንደ ሳይቶሜጋሎቫይረስ ያለ ተሕዋሲ የምግቡን ቧንቧ አቁስሎት ሊሆን ስለሚችል ምርመራ ያስፈልገዋል።

ሰባተኛ፤ ከማዕድ በኋላ

ከበሉ በኋላ ቢያንስ 30 ደቂቃ፣ ቢቻል አንድ ሰዓት፣ ቀጥ ብለው ይቀመጡ፤ ከመኝታ በፊት ባሉት ሦስት ሰዓታት አይብሉ፤ በራስጌ በኩል ካሉት የአልጋው እግሮች በታች ድጋፍ አስገብተው ራስጌውን ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያድርጉት፣ ትራስ መደራረብ ሆድን ስለሚያጥፍ አይተካውም። ቡናና ቅመም የበዛበት ወጥ ቃር የሚያስነሡብዎ ከሆነ ይቀንሱ። ቃር ሳይሰማ የሚመለስ ፈሳሽም ስላለ ሐኪሞች አሲዱን የሚለካ ምርመራ ሊያዝዙ፣ ብርቱ ሆኖ ከተገኘም የጨጓራን አፍ በቀዶ ሕክምና ሊያጠብቁ ይችላሉ።

ስምንተኛ፤ ሳይዘገዩ የሚደወልበት ጊዜ

ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ በቤት የሚነፉት የሳንባ መለኪያ የሚያሳየው ቍጥር ከወትሮው 10 በመቶ ከቀነሰ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ የአክታው መልክ ከተለወጠ፣ ሲበሉ ወይም ከበሉ በኋላ ሳል ወይም የረጠበ ድምፅ ከመጣ፣ ምግብ በደረት ላይ የሚሰካ ከሆነ፣ መድኃኒት መዋጥ ካቃተ፣ ክብደት ያለ ምክንያት ከወረደ፣ በሌሊትም ቢሆን ወደ ንቅለ ተከላው ቡድን ይደውሉ፤ ቍጥሩን ከመድኃኒቱ ሣጥን ላይ ይጻፉት። ደም ማስመለስ፣ ጽኑ የደረት ሕመምና መተንፈስ ማቃት ሲሆን ግን ቀጥታ አምቡላንስ ይጠራል።

ከሕሙማኑ ብዙዎቹ በሳምንታትና በወራት ውስጥ መዋጣቸው ይመለሳል። ሆኖም መሻሻሉን የሚያሳውቀው የሚደገመው ምርመራ እንጂ የራስ ግምት አይደለም፤ ተረስቶ ምርመራው ካልተደገመ ደግሞ ሰው መዋጡ ተመልሶለት ሳለ ያለ ምክንያት በወፍራም መጠጥ ይኖራል። ስለዚህ ከሆስፒታል ሳይወጡ የሚቀጥለው የመዋጥ ምርመራ ቀን መቼ እንደ ሆነ ይጠይቁ፣ በመውጫ ወረቀትዎም ላይ ያስጽፉት።